የ308 ጠመንጃዬ ባሬል (ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ) የተበላ ይመስለኛል፣ ረጅም ርቀት ኢላማ ለመልመድ በምን ልቀይረው?

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የምኖረው ኮሎራዶ ኦሮራ ነው፣ ዲቪ ደርሶኝ ከሄድኩ 6 ዓመቴ፣ አሁን ግን ለገና መጥቼ አራት ኪሎ እናቴ ቤት ነኝ፣ ጥምቀትን ሳልጨርስ አልመለስም። እዛ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ ተኩስ ክለብ ይዞኝ ሄደና በቃ ለከፈኝ፣ የሀበሻ ልጅ ሁሉ ቅዳሜን ኳስ ሲያይ እኔ ምንጣፍ አንጥፌ በደረቴ ተኝቼ ወረቀት ስበሳ እውላለሁ።

ያለኝ ሳቬጅ 110 የሚባል ጠመንጃ ነው፣ 308 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ ሾርት አክሽኑ (መዝጊያው አጭር የሆነው)። ካንድ ሽማግሌ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ስንት ጥይት እንደጠጣ ሽማግሌውም አያውቁትም። መጀመሪያ አካባቢ በ100 ሜትር አምስት ስተኩስ 3 ሴንቲ ውስጥ ይገባልኝ ነበር፣ ከመስከረም ወዲህ ግን 8፣ 9 ሴንቲ እየተበተነ ነው። ጓደኛዬ ያቺን በሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ካሜራ አስገብቶ ሲያሳየኝ ጥይቱ ከሚቀመጥበት ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ብረት፣ ውሃው የደረቀ ኩሬ ጭቃው እንዴት ይሰነጣጠቃል፣ ልክ እንደሱ ሆኗል። «ባሬልህ አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። እኔም እዚህ ማኪያቶ ይዤ ከሳይት ሳይት ስዞር ይኸው ሳምንቴ፣ ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ርዝመቱን 26 ኢንች ላደርገው ነው ያሰብኩት፣ በኔ ቤት ረጅም ባሬል ማለት የማይስት ማለት ነው። 308 ልቀጥል ወይስ ሁሉም ወደሚያወራለት 6.5 ክሪድሙር ጥይት ልዙር? እስቴንለስ ነው ወይስ ጥቁሩ? ይሄ 1 ለ 8፣ 1 ለ 10 የሚሉት ነገርስ ምንድነው? በጀቴ 600 ዶላር ናት። የክለባችን የመጨረሻው የብረት ሰሌዳ 1000 ያርድ ላይ ነው፣ 900 ምናምን ሜትር፣ ሕልሜ እሱን ማስጮህ ነው።

የመጨረሻዋን ደግሞ እንዳትስቁብኝ። አጎቴ ተክለሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት አለው። ኮሎራዶ ባሬል የሚገጥመው ሰውዬ ለእጅ ብቻ የጠራልኝ ዋጋ ከባሬሉ አይተናነስም። በሚቀጥለው ስመጣ ባሬሉን ሻንጣ ውስጥ ከትቼው አጎቴ ቢያስተካክልልኝስ?

ባለ_ቶርኖ፦
የመጨረሻዋን ነው መጀመሪያ የምመልስልህ ወንድሜ፣ እንዳታስበው! ባሬል የውሃ ቱቦ አይደለም፣ የመሳሪያ አካል ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መሳሪያ ማስገባት ወንጀል ነው። ቦሌ ላይ ኤክስሬዩ ጋ ያለችው ልጅ «ይሄ ምንድነው?» ስትልህ «አጎቴ እንዲያስተካክልልኝ ነው» ብለህ አጎትህንም አብረህ ልታስጠራው ነው? እኔ 20 ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በሬ ላይ ነው የምመልሰው፣ አጎትህም ሰው ከሆነ እንደዛ ነው የሚያደርገው።

ደግሞ አያስፈልግህም እኮ። የያዝከው ሳቬጅ 110 ነው አላልክም? ይሄ መሳሪያ በፈረንጆቹ 1958 ሲወጣ ኒኮላስ ብሩወር የሚባል ኢንጂነር ባሬሉን በትልቅ ዳዶ እንዲታሰር አድርጎ ነው የሠራው። ሌሎቹ ላይ ባሬሉ ትከሻ አለው፣ ትከሻው ሲደርስ የጥይቱ ቤት ጥልቀት ልክ እንዲመጣ ቶርኖ ላይ በመቶኛ ሚሊ እየለካህ ትልጣለህ፣ ገንዘቡ የሚሄደው እዛ ላይ ነው። ያንተ ላይ ግን ቤቱ ተቦርቡሮ ያለቀለትን ባሬል ትገዛለህ፣ «ጎ» የምትባለዋን መለኪያ አስገብተህ መዝጊያውን ትዘጋለህ፣ ባሬሉን እስኪነካት ታዞራለህ፣ ዳዶውን ታጠብቃለህ አለቀ። ከዛ «ጎ» ላይ መዝጊያው መዘጋት አለበት፣ «ኖ ጎ» የምትባለው ላይ እምቢ ማለት አለበት። ኖ ጎዋ ላይ ከተዘጋ እንዳትተኩስ፣ ቀለሁ ውስጥ ላይ ተሰንጥቆ ጋዙ ወደ ፊትህ ሊመጣ ይችላል። መለኪያዎቹን፣ የዳዶውን ቁልፍና ባሬል ማሰሪያውን ክለባችሁ ውስጥ ያለው ሰው አያጣም፣ ተዋስ። ስታዝ ብቻ ዳዶህ ትንሹ ነው ትልቁ ብለህ አረጋግጥ፣ ሁለት ዓይነት የባሬል እግር ነው ያላቸው።

አጎትህን ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ 60 ሳንቲም የሚረዝም ብረት መሃሉን ሳይስት በፑንታ በስቶ ያውቃል? ፑንታ ሲረዝም እንደ አንጀት ነው የሚጣመመው፣ ከዚህ ጫፍ መሃል ላይ ገብቶ ከዛ ጫፍ በጎን ነው የሚወጣው። የባሬል መብሻው ለብቻው ነው፣ ባንድ በኩል ብቻ የሚቆርጥ፣ በውስጡ ዘይት በግፊት እያለፈ ፍቅፋቂውን የሚያጥብ፣ ብረቱ ራሱ ነው የሚሾረው። ከዛ በኋላ ነው ጠመዝማዛው መስመር የሚወጣው። ክሪገርና ባርትላይን የሚባሉት ባሬል ሠሪዎች አንዷን ቦይ በአንድ ምላጭ ቀስ እያሉ ይልጧታል፣ ባንድ ምልልስ ከፀጉር የቀጠነ ነው የሚነሳው፣ እንደገና፣ እንደገና። ሺለንና ክራይቴሪየን ደግሞ ካርባይድ እንክብል በቀዳዳው ይጎትቱበታል፣ እሱ አይቆርጥም፣ ብረቱን ጨቁኖ ነው ቦዩን የሚያትመው፣ ቶሎ ያልቃል ዋጋውም ይረክሳል። ሁለቱም ጥሩ ነው የሚመቱት። ለጀማሪ በእንክብል የተሠራው በቂ ነው፣ እኔ ግን ብረት ሰው ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ሳይ ምራቄ ይመጣል።

ሂውስተን_ነኝ፦
ባለ ቶርኖ ጨርሶልኛል ማለት ይቻላል፣ እኔ ስለሌላው ልናገር፣ እዚህ 9 ዓመት እየተኮስኩ ነው ሦስት ባሬል በልቻለሁ።

በመጀመሪያ ረጅም አይስትም የሚለውን ከጭንቅላትህ አውጣ። ርዝመት የሚሰጥህ ፍጥነት ነው እንጂ ትክክለኛነት አይደለም፣ ጋዙ ጥይቱን የሚገፋበት መንገድ ስለሚረዝም። በ308 ለአንድ ኢንች ከ6 እስከ 8 ሜትር በሰከንድ ብትል አትሳሳትም። 24 ኢንች ላይ ባለ 175 ግሬኑ ጥይት (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) 790 አካባቢ ከወጣ 20 ኢንች ላይ 760 ምናምን ይሆናል፣ 300 ሜትር ላይ ይሄ ልዩነት ወሬ ነው። አንተ ግን 1000 ያርድ ስላልክ እዛ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም 308 እዛ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋል፣ በዛ ድንበር ላይ ሲያልፍ አንዳንዱ ጥይት መንገዳገድ ይጀምራል። 24 በቃህ። 26 የሚጨምርልህ ትንሽ ፍጥነትና በር ላይ የሚጋጭ ጠመንጃ ነው። ደግሞ በአንድ ውፍረት አጭሩ ነው ይበልጥ ግትር የሚሆነው፣ ያሰብከው ተቃራኒው ነው ማለት ነው።

ከርዝመት ይልቅ ውፍረቱ ላይ ጊዜህን አጥፋ። የአዳኝ ባሬል እንደ እርሳስ ቀጭን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተራራ ለመዞር፣ ሁለት ተኩሶ ለመመለስ። እንዳንተ ተኝቶ 20 ለሚተኩስ ሰው አምስተኛው ላይ ይግላል፣ ሰባተኛው ላይ ኢላማው መሸሽ ይጀምራል፣ አንተ ደግሞ «ምላጭ አሳሳቤ ተበላሸ» ብለህ ራስህን ትወቅሳለህ፣ ስትማር ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ወፍራሙን ውሰድ፣ ባሬሉ ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ይመዝን፣ ክብደቱ ርግጫውንም ይውጥልሃል።

1 ለ 10 ማለት ጥይቱ 10 ኢንች ሲሄድ አንዴ ሙሉ ይዞራል ማለት ነው። እናትህ እንዝርት ስትፈትል አይተህ የለ፣ ሹረቱ ሲደክም ይንገዳገዳል፣ ጥይትም እንደዛው ነው፣ ሲረዝም ደግሞ የበለጠ ሹረት ይፈልጋል። 308 በ168 እና በ175 ግሬን 1 ለ 10 አንደኛ ነው፣ 6.5 ከሆነ 1 ለ 8፣ ሌላ ሒሳብ ውስጥ አትግባ። እስቴንለስ ወይ ጥቁር የሚለውን እርሳው፣ የውድድር ባሬል አብዛኛው እስቴንለስ ነው፣ ጥቁሩን ዘይት ካልቀባኸው ይዝጋል፣ አንተ ደረጃ ላይ ሌላ ልዩነት አታይም።

የኔ ምክር 6.5 ክሪድሙር ነው። በፈረንጆቹ 2007 ሆርናዲ የሚባለው ጥይት አምራች ያወጣው ለዚሁ ለሰሌዳ ተብሎ ነው፣ ንፋስ የሚወስደው ከ308 በሩብ ምናምን ያነሰ ነው፣ ርግጫውም ለስላሳ ነው። የጥይቱ ቂጥ ከ308 ጋር አንድ ስለሆነ መዝጊያህም የጥይት ካርታህም አይቀየርም፣ ባሬል ብቻ ቀይረህ ትሄዳለህ። 223 የሚባለውን ጥይት ብትል ግን የመዝጊያውን ራስ መቀየር አለብህ፣ ሳቬጅ ላይ እሱም ቢሆን ይፈታል።

ባለ_ቶርኖ፦
@ሂውስተን_ነኝ የ6.5 ባሬል ዕድሜውን ለምን አትነግረውም? ያው ያህል ባሩድ ነው በጠበበ ቀዳዳ የሚወጣው። ጭሱ ያው ነው፣ የጭስ ማውጫው ግን ጠበበ፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው ደግሞ በጥይቱ ቤት በኩል ያለው አፉ ነው፣ ያ ልጁ ያየው ጭቃ የሚመስል ነገር።

ሂውስተን_ነኝ፦
እሱ ልክ ነህ አልካድኩም። 6.5 ከ2000 እስከ 3000 ጥይት ቢሄድልህ ነው፣ 308 5000 እና ከዛም በላይ ይሄዳል። ግን እኮ ባሬል እንደ ሚኒባስ ጎማ ነው፣ ያልቃል ትቀይራለህ። ለ600 ዶላር ባሬል ያለቅሳል ሰው፣ ደህና የፋብሪካ ጥይት አንዷ 2 ዶላር ገደማ ስትሆን 3000 ጥይት 6000 ዶላር መሆኑን ግን አይቆጥርም።

ሰብሊ_ካዛንቺስ፦
ወንዶች ስትባሉ ብረት መግዛት ትወዳላችሁ። እኔ ጀርመን ስማር ለዩኒቨርሲቲው ክለብ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተኩሼ ነበር፣ አሥር ነጥብ የምታሰጠው የወረቀቷ መሃል ግማሽ ሚሊሜትር ናት፣ ነጥብ ናት በቃ፣ እና አሠልጣኛችን አንድ ሰው መምታት ሲያቅተው መሳሪያው ላይ ከማመካኘቱ በፊት የሚያስጠይቀን ጥያቄ ነበረች። እሷን ልጠይቅህ፦ ከመስከረም ወዲህ ምን ነካካህ?

ምክንያቴን ልንገርህ። ባሬል በሙቀት ሲበላ ቀስ እያለ ነው፣ 3 የነበረው 3 ተኩል፣ ከዛ 4 ይሆናል። ከ3 ወደ 9 ዘሎ የሚሄድ ነገር ብዙ ጊዜ የተፈታ ነገር ነው። የስኮፑ (የማነጣጠሪያ መነጽሩ) መቀመጫ ብሎኖች፣ ቀለበቶቹ፣ ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚያስሩት ሁለቱ ብሎኖች። ሌላው አፈሙዙ ጫፍ ነው፣ እዛ ጠርዙ ላይ የጥፍር ያህል ጉዳት ካለ ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ ባንድ ጎን ቀድሞ ያመልጥና ቂጡን ይገፋዋል። ጠመንጃውን የሸጡልህ ሽማግሌ በአፈሙዝ በኩል ዘንግ እየከተቱ ያጸዱ ከነበረ ይሄም ሊሆን ይችላል። ጥይቱ ባሬሉ ውስጥ የሚተወውን መዳብስ አጽድተህለት ታውቃለህ? ጥይትስ ያው ፓኮ ነው ወይስ የረከሰ አግኝተህ ቀየርክ?

ያ የተሰነጣጠቀውን ነገር ደግሞ በካሜራ አይተው የሚደነግጡት ሁሉም ናቸው። ካሜራዋ ትንኝን ዝሆን ነው የምታሳየው። እንደዛ ሆነው አሁንም ደህና አድርገው የሚመቱ ባሬሎች ብዙ ናቸው፣ የሚፈርደው ወረቀቱ ነው።

እና ባሬሉ በእውነት ቢሞትም ምክሬ ሌላ ነው። 308 ን በ308 ወፍራም ቀይረው፣ ርካሹን፣ ከሚተርፍህ ላይ 22 (ትንሿን ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃ) ግዛ። ሳትስቅ ስማኝ። 22 ቀርፋፋ ስለሆነ 200 ሜትር ላይ ንፋስ የሚገፋው ከሞላ ጎደል 308 ን 500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገፋውን ያህል ነው። ንፋስ ማንበብ የምትማረው በሳንቲም ነው ማለት ነው፣ ባሬሉም ልጅህ እስኪያድግ አያልቅም። 1000 ያርድ ላይ የሚያስተህ ባሬል አይደለም፣ የሰው ሁሉ ባሬል ቢለካ ከባለቤቱ ይሻላል እኮ፣ አንተ ግን ንፋሱን 2 ሜትር በሰከንድ ብለህ 4 ከነበረ ሰሌዳው ጭራሽ አያይህም።

ጉለሌ_ቦይ፦
አያቴ ውጅግራ ነበረው፣ በፈረንጆቹ 1874 ላይ ፈረንሳዮች ያወጡት፣ 11 ሚሊ፣ እርሳሱ አውራ ጣቴን ያህላል። 1 ለ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው ዓድዋ አባቱ ይዘውት የዘመቱት 😂 እናንተ ወረቀት ለመብሳት 24 ነው 26 ነው ትላላችሁ

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
@ጉለሌ_ቦይ 😂😂 ወረቀቱ አይሸሽም እኮ፣ እሱ ነው የሚያናድደው፣ የሳትከው አንተ ብቻ መሆንህን ያውቃል።

@ሰብሊ እህቴ ተገኘሽ። መስከረም ላይ ስኮፕ ቀይሬያለሁ። በራሴ እጅ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ በኤለን ቁልፍ፣ «ይበቃዋል» ብዬ። አሁን ስጽፈው ራሱ አፈርኩ። የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው፣ ጠመንጃውም ካዝና ውስጥ ነው ያለው፣ ዛሬ ማታ በቪዲዮ ደውዬ ብሎኑን አስነካዋለሁ። እሱ እንኳ ተኩስ የሚባል ነገር አይወድም፣ ምን እንደምከፍለው አላውቅም።

እና ሌላ የምጠይቃችሁ፣ ኦሮራ 1600 ምናምን ሜትር ከፍታ ነው። ይሄ ባሬል ምርጫዬን ይለውጠዋል?

ሂውስተን_ነኝ፦
በደንብ። አየሩ ሲሳሳ ጥይቱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ መውደቁም በንፋስ መገፋቱም ያንሳል። እኔ እዚህ ባሕር ጠለል ላይ ሆኜ የሠራሁትን የስኮፕ ማስተካከያ ሰንጠረዥ ኮሎራዶ ይዤ ሄጄ የመጀመሪያዋን ከሰሌዳው በላይ ነው ያሳለፍኳት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ያንተ 308 ስለዚህ 1000 ያርድ ላይ እኔ እዚህ ካለሁት በተሻለ ፍጥነት ነው የሚደርሰው፣ ሹረትም ቢሆን ሳሳ ባለ አየር ትንሽ ይበቃዋል። እንግዲህ የሰብሊን ሐሳብ የሚደግፍ ነገር ተናገርኩ ማለት ነው፣ 308 እዛ ይሠራል። እኔ ግን አሁንም 6.5 ነኝ።

ባለ_ቶርኖ፦
አዲስ አበባማ 2300 ምናምን ነው፣ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሜክሲኮ ከተማ በከፍታ ከኛ ብዙም አትርቅም፣ 1968 ላይ ሰው ሁሉ አየር አጥሮት ሲያቃስት ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ወስዶት ሄደ። ለሯጭ መከራ የሆነው አየር ለጥይት ሠርግ ነው ማለት ነው። ይቅርታ ከርዕስ ወጣሁ፣ ሥራ የለም ዛሬ፣ መብራት ሄዷል።

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ቁልፉን ፍለጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዛ ስልኩን ስኮፑ ላይ አስጠግቶ ቁልፉን ሊያስገባ ሲል የፊተኛውን መቀመጫ ብሎን በጣቱ ነካው፣ ዞረ። በጣት! «ይሄ እንዲህ ነው የሚሆነው?» አለኝ። ዝም አልኩት። እናቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ ልጄ» ብላ መጣች፣ ፊቴ እንደዛ ሆኖ ነበር።

አጎቴ ጋም ትላንት ሄጄ ነበር፣ @ባለ_ቶርኖ ያልከውን ነገርኩት። ረጅም ፑንታ አንስቶ «ይሄን ሰምተህ ነው ወይስ ይሄን አስቀምሼህ ነው የምትወጣው» አለኝና ሻይ ጋበዘኝ።

(ከአራት ሳምንት በኋላ)

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
የሆነውን ልንገራችሁ። ተመልሻለሁ፣ የስኮፑን መቀመጫ አውልቄ ብሎኑንም ቀዳዳውንም በአልኮል አጽድቼ፣ ብሎን እንዳይፈታ የሚያደርገውን ሰማያዊ ሙጫ ጠብ አድርጌ፣ የክለባችን ሰውዬ በቶርክ ቁልፉ (የሚያጠብቀውን ኃይል በሚለካው) አጠበቀልኝ። መዳቡንም ለማጽዳት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ሆኖ መውጣት እምቢ አለ። ቅዳሜ በ100 ሜትር አሥር ተኮስኩ፣ አምስት አይደለም አሥር፣ 4 ሴንቲ ተኩል ውስጥ ገባ። ከድሮው ይሰፋል፣ ግን አሥር ስለሆነ ነው ወይስ ባሬሉ ስለደከመ ነው የሚለውን አላውቅም፣ ግድም የለኝም። እዛው ቀን 600 ያርድ ላይ ሄጄ ከ20 ውስጥ 13 አስጮህኩ፣ የሳትኳቸው ሁሉ በግራ ነው የሄዱት፣ ሁሉም፣ ባሬል ቢሆን ባንድ በኩል ብቻ አይስትም ነበር።

ስለዚህ ባሬሉ እስኪሞት እተኩስበታለሁ። ሲሞት 24 ኢንች፣ ወፍራም፣ 308፣ 1 ለ 10። @ሂውስተን አትቀየመኝ። ከ600 ዶላሯ ላይ ያገለገለ 22 ገዝቻለሁ፣ ስኮፑንም ያጠበቀልኝ ሰውዬው ነው፣ እኔ አልነካሁትም።

@ሰብሊ ለ22ቱ የትኛውን ጥይት ልግዛለት?

ሰብሊ_ካዛንቺስ፦
አምስት ስድስት ዓይነት አንዳንድ ፓኮ ግዛና በ50 ሜትር ሞክር፣ ባሬሉ ራሱ ይመርጣል። 22 ላይ ውዱ ሁሌም አያሸንፍም። የወደደውን ስታገኝ ፓኮው ላይ ያለውን የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር ጽፈህ ያዝና በዛው ቁጥር የቻልከውን ያህል ግዛ። እነዛ በግራ የሄዱት ሰባቱ ግን ንፋሱ ከየት ነበር?

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ከቀኝ። ባንዲራው እያየኝ ነበር 🤦